ሞዴሌ ሄፓታይተስ ቢ በራሱ ይጠፋል ይለኛል፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

የከዚራ ልጅ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ሰዎች። ድሬዳዋ ነኝ። በአፕላይድ ማቲማቲክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌ ጉበትን የሚያጠቃው፣ ሲሰነብትም ለጉበት ካንሰር የሚዳርገው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ስርጭትና ቁጥጥር የሒሳብ ሞዴል ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ተተክዬ ቀርቻለሁ። የምታውቁ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

ኮዱን ከባዶ አልጻፍኩትም። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ቺኩንጉኒያ ድሬን እንዴት እንዳሰቃያት ታስታውሳላችሁ፤ ከየቤቱ አንድ ሁለት ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ ተኝቶ ነበር። ያንን ለመረዳት ብዬ በፓይተን የሠራሁት ሞዴል ነበረኝ። የትንኞቹን ክፍል አወጣሁና የሰዎቹን ክፍል አስቀርቼ በላዩ ላይ ሄፓታይተስን ቀጠልኩ። ሕዝቡን በአምስት ከፈልኩት፦ ተጋላጭ፣ ቫይረሱ ገብቶበት ገና ማስተላለፍ ያልጀመረ፣ አጣዳፊው ደረጃ ላይ ያለ፣ ሥር የሰደደበት ተሸካሚ፣ እና የዳነ። ክትባቱን በኋላ ልጨምረው ብዬ ለጊዜው ትቼዋለሁ።

ያስገባኋቸው ቁጥሮች (ፓራሜትሮቹ) እነዚህ ናቸው። ማስተላለፍ እስኪጀምር 2 ወር፣ አጣዳፊው ደረጃ 3 ወር፣ አማካይ ዕድሜ 65 ዓመት፣ ከተሸካሚዎች በዓመት 2.5 በመቶው ቫይረሱ በራሱ ይለቃቸዋል፣ የአንድ ተሸካሚ የማስተላለፍ አቅም ከአጣዳፊው ታማሚ 0.16 እጅ ነው። ቤታን፣ ማለትም በሽታው በዓመት የሚተላለፍበትን ፍጥነት፣ 1.2 አደረግኳት፤ ለሌላ አገር ከተሠራ ሞዴል የተዋስኳት ናት። ከተያዙት ውስጥ 10 በመቶው ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል ብዬ ወሰድኩ። ይቺንም ከአንድ የመማሪያ መጽሐፍ ነው ያገኘኋት።

አር ዜሮ፣ ማለትም አንድ የተያዘ ሰው በአማካይ የሚያስይዘው ሰው ብዛት፣ 0.77 ወጣ። ከ1 በታች ማለት በሽታው ማንም ሳይነካው ቀስ በቀስ ይከስማል ማለት ነው። አገራችን ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረው ትንተና ሄፓታይተስ ቢን 7.4 በመቶ ያደርሰዋል። ከመቶ ሰው ሰባቱ ላይ ተደላድሎ የተቀመጠ ቫይረስ እንዴት ነው የሚከስመው? አማካሪዬ አይተውት «ፓራሜትሮችህን አንድ በአንድ ጠይቃቸው» ብለውኝ ሄዱ። ጠየቅኳቸው፣ አልመለሱልኝም።

ርዕሱን ዝም ብዬ አልመረጥኩትም። አጎቴ በጉበት ካንሰር ነው የሞተው። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ሰፈሩ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው ተባለና ሥር እየተቀቀለ ሲጠጣ ከረመ። ሐኪም ጋ ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተሬ «ይሄ በሽታ በራሱ ይጠፋል» ሲለኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ቀመር ወዳጅ፦

ወንድሜ፣ ሒሳብህ ልክ ነው። እኔም ብእርና ወረቀት ይዤ ሠራሁት፣ 0.77 አገኘሁ። ስህተቱ ያለው 10 በመቶ ያልካት ላይ ነው፤ እሷ ላይ ያደረሰህ ደግሞ ከቺኩንጉኒያ መነሳትህ ይመስለኛል።

እስቲ አስበው። ቺኩንጉኒያ የያዘው ሰው የ5 ዓመት ልጅም ይሁን የ50 ዓመት አዛውንት ቫይረሱን በደሙ ይዞ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። ስለዚህ እዚያ ሞዴል ውስጥ «ስንት ሰው ተያዘ?» ብለህ ከጠየቅክ ይበቃሃል። ከርማክና ማክኬንድሪክ እ.ኤ.አ. በ1927 ይህን ሕዝብን በክፍል የመክፈል ዘዴ ሲያወጡም በሐሳባቸው የነበረው መጥቶ የሚሄድ ወረርሽኝ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ላይ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ በስንት ዓመቱ ተያዘ?

ሲወለድ ከእናቱ የተያዘ ሕፃን በ90 በመቶ ያህል ዕድል ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል። አዋቂ ሆኖ የተያዘ ሰው ግን ከ5 በመቶ በታች ነው፤ አብዛኛው ታሞ ወይም ሳይታወቀው አልፎለት ዕድሜ ልኩን የሚጠብቀው መከላከያ ይዞ ይወጣል። አንተ ሁለቱን ቀላቅለህ 10 በመቶ ብለህ አለፍክ። ኤድመንድስ፣ ሜድሊና ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት፣ ተሸካሚ ሆኖ የመቅረትን ዕድል ከዕድሜ የሚያሰላ ቀመር አለ፤ በዓመት የተቆጠረውን ዕድሜ ለ0.455 ኃይል ከፍ ታደርገዋለህ፣ በ0.645 ታባዛለህ፣ ምልክቱን ኔጌቲቭ አድርገህ ኤክስፖነንሻሉን ትወስዳለህ (2.718ን ለዚያ ቁጥር ኃይል ከፍ ታደርጋለህ)። ሠርቼ ልስጥህ፦ በ6 ወሩ የተያዘ ልጅ 62 በመቶ፣ በ1 ዓመቱ 52 በመቶ፣ በ2 ዓመቱ 41 በመቶ፣ በ5 ዓመቱ 26 በመቶ፣ በ20 ዓመቱ 8 በመቶ (ቀመሩ ግምት ስለሆነ አዋቂ ላይ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል)። መስመሩ መጀመሪያ ላይ እንዴት እየተወረወረ እንደሚወርድ ልብ በል። ለአራስ ሕፃን ግን ቀመሩን አትጠቀምበት፣ ዜሮ ስታስገባበት 1 ነው የሚሰጥህ። አራሶቹን ለብቻ ወደ 0.89 አድርጋቸው።

ይህ ቁጥር ለምን ያን ያህል እንደሚገዝፍ በራስህ ፓራሜትሮች ላሳይህ። አጣዳፊው ታማሚ የሚያስተላልፈው ለሩብ ዓመት ነው። ተሸካሚው በሞትና በራሱ በመላቀቅ ከክፍሉ የሚወጣው በዓመት 0.04 ገደማ ስለሆነ በአማካይ 25 ዓመት ይቆያል። ያ መቶ እጥፍ ነው። በ0.16 ስታባዛው 16 ይሆናል። አንድ ተሸካሚ በዕድሜው የሚያስተላልፈው አሥራ ስድስት አጣዳፊ ታማሚዎች የሚያስተላልፉትን ያህል ነው ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ሳያመው፣ ሳያውቀው፣ ሥራውን እየሠራ። አሁን ቤታን ለጊዜው ተዋትና የእያንዳንዱን ኢንፌክሽን ክብደት ብቻ እይ፣ በአጣዳፊ ታማሚ የማስተላለፊያ ዓመት ተቆጥሮ። በ20 ዓመቱ የተያዘ ሰው 0.57 ይመዝናል። ሲወለድ የተያዘ 3.75 ይመዝናል። ከስድስት እጥፍ በላይ። አንድ ቫይረስ፣ አንድ ከተማ፤ ልዩነቱ የተያዘበት ዕድሜ ብቻ ነው።

ባጭሩ ሞዴልህን በዕድሜ ክፈለው። ያ ቢከብድህ ቢያንስ ሦስት የተጋላጭ ክፍል አድርግ፦ አራስ፣ ከ5 ዓመት በታች፣ ከዚያ በላይ። አር ዜሮን በቀጣይ ትውልድ ማትሪክስ (ከየክፍሉ የተያዘ ሰው በየክፍሉ ስንት አዲስ ሰው እንደሚያስይዝ በሚያሳይ ሠንጠረዥ) ታወጣዋለህ፣ ቫን ደን ድሪሽና ዋትሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ያስቀመጡትን አካሄድ ተከተል። ከብዙ የተያዙ ክፍሎች ጋር ስትሠራ በዓይን ገምቶ ማውጣት ያሳስታል።

አዋላጅ ከሐረር፦

እኔ ሒሳቡ ላይ እውቀት የለኝም፣ ግን ቀመር ወዳጅ የጻፉትን ሳነብ በየቀኑ የማየው ነገር ቁጥር ለብሶ መጣብኝ። እናም የከዚራው ወንድሜ፣ ሞዴልህ ውስጥ የጎደለች አንዲት ወቅት አለች፤ እሷን ልንገርህ።

በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ሄፓታይተስ ቢ ያለው ፔንታ በሚባለው፣ አምስት በሽታን በአንድ መርፌ በሚከላከለው ክትባት ውስጥ ነው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። አገራችን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በጣም ጥሩ ነው፣ የስንት ልጅ ሕይወት ተርፎበታል። ነገር ግን ልጁ ሲወለድ ከእናቱ ደም ጋር ተነካክቶ ከሆነ 6 ሳምንት ሩቅ ነው። ቫይረሱ እስከዚያ ጉበቱ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሁሉም አገር ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ መርፌ ይስጥ የሚለው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ቤቷ የምትወልድ እናት አሁንም አለች፣ በተለይ ከከተማ ወጣ ስትል። በ24 ሰዓት ውስጥ ማን ያገኛታል? የጤና ኤክስቴንሽኗ ራሷ መስማቷ በሦስተኛው ቀን ሊሆን ይችላል።

ሌላው እናቶች ሁሉ እኩል አያስተላልፉም። ኤችቢኢ አንቲጂን (ቫይረሱ በኃይል እየተባዛ መሆኑን በደም ውስጥ የሚያሳይ ምልክት) ያለባት፣ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ የበዛባት እናት ምንም ካልተደረገላት ከአሥር ልጆች ሰባት እስከ ዘጠኙን ልታስይዝ ትችላለች። ያ አንቲጂን የሌላት ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ቫይረሱ ለበዛባት ከእርግዝናዋ 28ኛ ሳምንት ጀምሮ ቴኖፎቪር የሚባል ኪኒን ይሰጣታል፤ ለኤችአይቪም የምንጠቀምበት ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። ጡት ማጥባት ግን አትከልክሏት። ይሄን ደግሜ ደጋግሜ ነው የምናገረው፤ ባሏም አማቷም «ልጁን በጡትሽ ታስይዢዋለሽ» እያሉ የሚያስጨንቋት እናት ስንት አለች መሰላችሁ።

ከእናት ሌላ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚደረገውን አትርሳ። ምላጭ መዋዋስ፣ ንቅሳት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ዋግምት፣ በአንድ ምላጭ ሦስት አራት ልጅ መግረዝ። ቫይረሱ ደርቆም ቢሆን ዕቃ ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ልጆች አንድ ላይ ያድጋሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይላላጣሉ፣ ቁስላቸው ይነካካል። ቀመር ወዳጅ «በ2 ዓመቱ 41 በመቶ» ያሉት ልጅ የጎረቤቴ ልጅ ነው።

የከዚራ ልጅ፦

አዋላጅ እህቴ፣ ቀመር ወዳጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅና ወደ ኮዱ ልመለስ። ከእናት ወደ ልጅ የሚሄደው ዋናው መንገድ ከሆነ እሱን ብቻ አስገብቼ የቀረውን ባልፈው አይሆንም? ሞዴሉ በጣም ይቀልልኛል።

ቀመር ወዳጅ፦

አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ደግሞ በአንዲት መስመር ይታያል። ተሸካሚው 25 ዓመት ያህል ይቆያል። ሕዝቡ የማይጨምር ከሆነ አንድ ሰው በዓመት በአማካይ አንድ ስልሳ አምስተኛ ልጅ ያፈራል፣ ስለዚህ በተሸካሚነት ዘመኑ 0.38 ልጅ። ከእነዚህ 30 በመቶው ቢያዝ፣ ከተያዙትም 89 በመቶው ተሸካሚ ቢሆን 0.1 ነው። ወሊዱን እጥፍ ብታደርገው 0.2 ነው። አንድ ተሸካሚ በወሊድ ብቻ ራሱን መተካት አይችልም። ስለዚህ ቫይረሱ በዚያ መንገድ ብቻ ቢተላለፍ ኖሮ ድሮ ጠፍቶ ነበር። እኛ ጋ ያቆየው የአዋላጇ የጎረቤት ልጆች ናቸው፣ በጨዋታና በአንድ ጣሪያ ሥር የሚደረገው።

አሁን ግን በጣም የሚያስደስተኝ ነገር መጣ። ፔንታ የሚዘጋው ይሄንኑ ሁለተኛውን በር ነው፣ ከ6 ሳምንት በኋላ ያለውን። የክትባቱ ሽፋን እየጨመረ ሲሄድ የልጅ ለልጁ መተላለፍ ይወርዳል፣ የወሊዱ ግን ባለበት ይቆያል። እና ከዓመታት በኋላ ከሚቀሩት አዳዲስ ተሸካሚዎች ውስጥ የወሊዱ ድርሻ እያደገ ይመጣል። ያቺ 0.1 መጀመሪያ ትንሽ ትመስላለች፣ በመጨረሻ ግን ፔንታ የማይደርስባት እሷ ናት። ሁለቱንም አስገባቸውና ይህን የድርሻ መገላበጥ ራሱን አሳይ፤ ጽሑፍህ ውስጥ አንድ ጥሩ ሥዕል ይወጣዋል።

የለገሃር ሰው፦

ሁላችሁም ስለ ተሸካሚው ስታወሩ አነበብኩ። እኔ ተሸካሚ ነኝ። ደም ልሰጥ ሄጄ ነው ያወቅኩት፣ አምስት ዓመት ይሆነኛል። ምንም አያመኝም። በየስድስት ወሩ እየታየሁ ነው፣ ጉበቴ እስካሁን ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

ቀመር ወዳጅ፣ ያቺ 16 እጥፍ ያልካት ቁጥር ከበደችኝ፣ አልዋሽህም። ከዚያ አሰብኩት። ቁጥሩ የሚሠራው ለማያውቅ ሰው ነው። እኔ ካወቅኩ ወዲህ ሚስቴ ተመርምራ ተከትባለች፣ ልጆቼ ተከትበዋል፣ ምላጬና የጥርስ ብሩሼ ለብቻ ነው። እኔ አሁን ለማን አስተላልፋለሁ? ስለዚህ ተሸካሚን አንድ ክፍል አታድርገው፣ ሁለት አድርገው፦ የሚያውቅና የማያውቅ። አቦ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው!

ግን አንድ ነገር አለ። ሰው እንዲያውቅ መመርመር አለበት፤ እንዲመረመር ደግሞ ቢገኝበት ሰው እንደማይሸሸው ማመን አለበት። እኔ የነገርኩት አንድ ዘመዴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር አንድ ትሪ አልበላም። ጉርሻዬን በእጁ መለሰው። ወላሂ ከምርመራው ውጤት በላይ ያመመኝ እሱ ነው። በጉርሻ አይተላለፍም፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ይሄን የሚያይ ሌላ ሰው እሱም ሊመረመር ሲያስብ ይቀራል። ሞዴልህ ውስጥ ቦታ ካለው ይቺንም አስገባት፦ ሰው በተገለለ ቁጥር የሚመረመረው ያንሳል፣ የማያውቀው ክፍል ይሞላል።

ጫት የምትቅሙም አንድ ነገር ልበላችሁ። ሐረር ሆስፒታሎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃምን ከጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። ጫት ቫይረስ አያስተላልፍም፣ ግን ቀድሞ ቫይረስ የያዘው ጉበት ላይ ሌላ ጫና ለምን ይጨመርበታል ብዬ እኔ ትቼዋለሁ። ለምሥራቅ ልጅ ቀላል እንዳልነበረ ታውቁታላችሁ።

ዳታ ቆጣሪ፦

የለገሃር ሰው፣ በጣም አመሰግናለሁ፤ «የሚያውቅና የማያውቅ» ያልከው በሞዴል ሥራ ትልቅ ነገር ነው፣ ተማሪው ይጠቀምበት።

እኔ ስለ ዳታው ላስጠንቅቅ። 7.4 በመቶን እንደ ዒላማ ይዘህ ሞዴሉ እሷን እስኪመታ ድረስ ቤታን አታሽከርክር። ያ ቁጥር ከደም ለጋሾች፣ ከነፍሰ ጡሮች፣ ከኤችአይቪ ታካሚዎችና ከሌሎችም ላይ የተሠሩ የተለያዩ ጥናቶች ድምር ነው። ደም ለጋሽ ጤነኛ ነኝ ብሎ የመጣ ሰው ነው፣ ሆስፒታል የተኛው ሌላ ነው። በዚያ ላይ ድሬ መተላለፊያ ከተማ ናት። የጅቡቲው ሹፌር፣ ከገጠር ለገበያ የሚመጣው፣ ከሶማሌ ክልል የሚመላለሰው ነጋዴ፤ በርህን ዘግተህ «ይህ ሕዝብ ብቻውን ነው» ማለት አትችልም። ከውጭ ቫይረሱን ይዞ የሚገባውን ሰው የሚወክል ትንሽ ቁጥር ጨምርበት። ቢያንስ ቤታን፣ የወሊዱን ዕድልና የተሸካሚነቱን ዕድል ከፍ ዝቅ እያደረግክ ውጤቱ የትኛው ላይ በጣም እንደሚንቀጠቀጥ አሳይ።

ሁለተኛ፣ ትዕግሥት። ዛሬ አዲስ ኢንፌክሽን በሙሉ ቢቆም እንኳ በአንተ ቁጥሮች የተሸካሚው ብዛት በግማሽ ለመውረድ 17 ዓመት ይፈጅበታል። ፔንታ ከጀመረ ወዲህ የተወለዱት የመጀመሪያዎቹ ልጆች ገና ወደ ሃያ ዓመት እየተጠጉ ነው። ስለዚህ አዋቂው ላይ ቁጥሩ አልወርድ ሲል ክትባቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1984 ጀምራ የልጆቿ የጉበት ካንሰር ሲቀንስ የታየው ከዓመታት በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2030 አዲስ ኢንፌክሽንን በ90 በመቶ፣ ሞትን በ65 በመቶ እንቀንስ ሲል የሞቱ ዒላማ ዝቅ ያለበት አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል፤ የሚሞቱት ድሮ የተያዙት ናቸውና። ለእነሱ የሚደርሰው ምርመራና መድኃኒት ነው።

«ሁሉንም ሄፓታይተስ በአንድ ሞዴል ልሥራ» የሚሉ ተማሪዎችም አይቻለሁ። አይቻልም። ኤ እና ኢ በውሃና በምግብ ነው የሚመጡት፣ ተሸካሚ የሚባል ክፍል ለእነሱ ብዙም ትርጉም የለውም። እዚያ የሚያስፈልግህ የውሃው ክፍል ነው፤ የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ውሃዋን ከድሬ በኩል የምታስመጣው ሐረር ላይ ስንት ቀን ቧንቧ እንደሚቋረጥ፣ ሰው በጀሪካን የት እንደሚቀዳ፣ ያ ነው ፓራሜትሩ። ደግሞ ኤ ከቢ ጋር ተቃራኒ ነው። ሕፃን ሆኖ ኤ የያዘው ብዙ ጊዜ ሳይታወቀው ያልፋል፣ አዋቂ ሆኖ የያዘው ነው የሚተኛው። ስለዚህ ውሃው በግማሽ ሲሻሻል የሚያዘው ሰው ያንሳል፣ የሚታመመው ግን ለጊዜው ሊበዛ ይችላል። ቢ ላይ ክትባት የመያዣ ዕድሜን ወደ ላይ ሲገፋ የተረፈውም ኢንፌክሽን ተሸካሚ የማድረግ ዕድሉ ይቀንሳል። ሲ ደግሞ ክትባት የለውም፣ ግን ከ95 በመቶ በላይ የሚያድን ኪኒን አለው፤ ግብፅ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝቧን መርምራ ያከመችው በእሱ ነው። ለሲ ሞዴል ከሠራህ ዋናው ፓራሜትር በዓመት ስንት ሰው ታክማለህ የሚለው ነው።

የከዚራ ልጅ፦

ተመለስኩ። ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ግን ደስ ብሎኝ ነው።

መጀመሪያ ምንም ሳልነካ 10 በመቶዋን ብቻ አውጥቼ በ2 ዓመት የተያዘ ልጅን 41 በመቶ አስገባሁ። አር ዜሮ ከ0.77 ተነስቶ 2.25 ሆነ። ያው ቤታ፣ ያው ሁሉ ነገር። ሞዴሉ ሲረጋጋ ተሸካሚው 8.7 በመቶ ላይ ቆመ። ዳታ ቆጣሪ፣ ማስጠንቀቂያህን ሰምቻለሁ፤ 7.4ን ልመታ ብዬ ምንም አላሽከረከርኩም። ግን ከ«በራሱ ይጠፋል» ተነስቶ አገሬን ወደሚመስል ቁጥር ሲመጣ ሳይ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ጮህኩ። ክትባቱ 95 በመቶ ይሠራል ብዬ ሳሰላ ከተወለዱት 59 በመቶ ገደማ ቢከተቡ ስርጭቱ ይሰበራል ይላል። ይሄ ሁሉም ሕፃን ገና ከመነሻው ቢከተብ ነው፤ አዋላጅ እህቴ ያለችው 6 ሳምንት ሲገባበት ቁጥሩ ከፍ ይላል።

አሁን በዕድሜ ከፍዬዋለሁ፣ አራሶቹን ለብቻ አድርጌያለሁ፣ ተሸካሚውን የሚያውቅና የማያውቅ ብዬ ለሁለት ሰንጥቄዋለሁ። ይቺኛዋን ከለገሃር ሰው ነው ያገኘኋት፤ ጋሼ፣ በስምዎ ባልጠራዎትም ምስጋናዬ ጽሑፉ ውስጥ ይኖራል። የወሊዱና የልጅ ለልጁ ድርሻ ሲገላበጥም በዓይኔ አየሁት። ፔንታ ከገባ በኋላ የላይኛው የልጅ ለልጁ መስመር ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ከታች ጠፍጣፋ ሆና የነበረችው የወሊድ መስመር ከላይ ትቀራለች። ያቺን ሥዕል ለአማካሪዬ ነገ አሳያቸዋለሁ።

ሌላ ነገር። ሥዕሉን እያየሁ እህቴ ትዝ አለችኝ። ሰባት ወሯ ነው፣ ሳቢያን ነው የምትኖረው። ደወልኩላትና «የጉበት ተመርምረሻል ወይ?» አልኳት። የኤችአይቪና የደም ማነስ እንደተመረመረች ታውቃለች፣ የሄፓታይተሱን ግን አታስታውስም። አጎታችን ደግሞ የእናታችን ወንድም ነው፤ ሲነገረኝ እናታችንም ሳትመረመር ነው የወለደችን። አዋላጅ እህቴ፣ ነገ ጠዋት አብሬያት እሄዳለሁ። ምን ብለን እንጠይቅ?

አዋላጅ ከሐረር፦

እሰይ የኔ ወንድም። መጀመሪያ የእርግዝና ክትትል ካርዷን ይዛችሁ ሂዱ፤ ተመርምራ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፣ ብዙዎቹ አያነቡትም። ካልተጻፈ «ኤችቢኤስ አንቲጂን» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሄፓታይተስ ቢ መኖሩን የሚያሳየው ምርመራ ነው፤ ከጣት በሚወሰድ ደም ይታያል፣ ብዙ አያስጠብቅም። ነጻ ከሆነች ጥሩ፣ ልጁ ፔንታውን በ6 ሳምንቱ ይጀምራል፣ ቀኑን እንዳታሳልፉ። ከተገኘባት አትደናገጡ፤ የቫይረሱን መጠን እንዲያዩላት ንገሯቸው። ሰባት ወር ከሆናት 28 ሳምንት አካባቢ ናት፣ ኪኒኑ ካስፈለጋት የሚጀመርበት ጊዜ አሁን ነው። ለልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት የሚሰጠው መርፌ የት እንደሚገኝ ከአሁኑ አጣሩ፣ ምጥ ሲመጣ ነው አትበሉ። ቤት እንዳትወልድ።

አንተም እዚያው ተመርመር፣ እናታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ጠዋት ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ሙቀቱ ሳይበረታባት። ውጤቱን እዚህ ባትጽፈውም በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።